የጉበት ሕመም አእምሮን ሲያውክ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። አባቴ 58 ዓመታቸው ነው። በሄፓታይተስ ቢ ምክንያት ጉበታቸው ሲሮሲስ (በጠባሳ ተሞልቶ የሚደክምበት) ደረጃ ላይ መድረሱ ከተነገረን ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሆዳቸው ውኃ ስለሚቋጥር የሚያሸና መድኃኒት ይወስዳሉ። በቅርቡ ቀን ተኝተው እየዋሉ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ማደር ጀመሩ። ትንሽ ይረፉ ብለን ከፋርማሲ ዲያዜፓም ገዝተን ሰጠናቸው። በማግስቱ ወንድሜን በሟቹ አጎታችን ስም ጠሩት። ሳሎን ጥግ ላይ ቆመው ሸኑ። አባቴ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደሉም። ሐኪም ቤት ተኝተው ላክቱሎዝ የሚባል ሽሮፕ ሲጀምሩ በሦስተኛው ቀን ወደ ራሳቸው ተመለሱ። አሁን ግን ሽሮፑ ሆዴን ያላላዋል ብለው አልወስድም አሉ። ዘመድ ወዳጅ መንፈስ ነው፣ ጸበል ይግቡ ይላል። ሥጋና እንቁላልም ከልክለናቸዋል። አባቴ አእምሯቸውን እየሳቱ ነው? ደህና ይሆናሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትዎ አላበዱም። የነገሩኝ ሁሉ የሚያመለክተው ሔፓቲክ ኢንሰፋሎፓቲ የሚባለውን፣ ከጉበት ሕመም የሚመጣ የአእምሮ መታወክ ነው። ላክቱሎዝ ጀምረው በሦስት ቀን መመለሳቸውም ይህንኑ ያጠናክራል። ይህ ሕመም ቶሎ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ነገሩ የሚጀምረው አንጀት ውስጥ ነው። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ፕሮቲን ሲያፈራርሱ አሞኒያ የሚባል አንጎልን የሚመርዝ ነገር ይፈጠራል። ጤነኛ ጉበት ከአንጀት የሚመጣውን ደም ተቀብሎ አሞኒያውን ወደ ዩሪያ ይቀይረዋል፤ ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። በሲሮሲስ ጊዜ ሥራውን የሚሠሩት የጉበት ሕዋሳት ያንሳሉ። ደሙም በጠባሳ በተሞላው ጉበት ማለፍ ይቸግረዋል። ዋናው መንገድ ሲዘጋ ታክሲ በውስጥ ለውስጥ እንደሚሄደው ሁሉ፣ ደሙ በጎን የደም ሥሮች አድርጎ ሳይጣራ ወደ ልብ፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይሄዳል። አንጎል ውስጥ አስትሮሳይት የሚባሉ ሕዋሳት አሞኒያውን ወደ ግሉታሚን ይለውጡታል። ግሉታሚን ውኃ ስለሚስብ ሕዋሳቱ ያብጣሉ። ያኔ ሐሳብ ይዘገያል፣ ጠባይ ይለወጣል፣ ሰው መለየት ይቸግራል። ሲብስ ራስን እስከ መሳት ይደርሳል።

የእንቅልፉ መገለባበጥ የሕመሙ የመጀመሪያ ምልክት ነበር። በእርስዎ ቤት ብቻ የሆነ አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ እንቅልፍ ማጣት ብቻ ይመስለዋል። ዲያዜፓምና ብሮማዜፓምን የመሰሉ ማስተኛዎች ግን ለሲሮሲስ ሕመምተኛ አደገኛ ናቸው። ጉበት ቶሎ ስለማያስወግዳቸው በሰውነት ውስጥ ይቆያሉ፤ የተዳከመውን አንጎል ይበልጥ ያደነዝዙታል። ትራማዶልና ኮዴይን የሚባሉት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችም እንደዚያው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉት ማስታገሻዎች ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ደም መድማትንም ይጋብዛሉ። ስለዚህ ለራስ ምታትም ሆነ ለወገብ ሕመም፣ ሐኪማቸው ያላወቀው ኪኒን ለአባትዎ አይሰጥ። ፋርማሲም ስትሄዱ በቅድሚያ «ጉበት ሕመምተኛ ናቸው» በሉ።

አእምሯቸው ሲታወክ ሁልጊዜ «ምን ቀሰቀሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። ማስታገሻና ማስተኛ መድኃኒት አንዱ ነው። የሆድ ድርቀት ሌላው ነው፤ ሰገራ በቆየ ቁጥር አሞኒያ ይጠራቀማል። የሚያሸናው መድኃኒት ሲበዛ ሰውነት ይደርቃል፣ ፖታሲየምና ሶዲየም የሚባሉት የደም ጨዎች ይዛባሉ። ሆድ ውስጥ የተቋጠረው ውኃም ሊመረዝ ይችላል፤ ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ካለ በዚያው ቀን በመርፌ ተቀድቶ መመርመር አለበት። ትኩሳት ባይኖርም ሐኪሙ ሊመረምረው ይገባል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ከጉሮሮና ከጨጓራ የደም ሥሮች የሚፈስ ደም ነው። ደም ካስታወኩ ወይም ዓይነ ምድራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ሐኪም ቤት ይድረሱ።

ወደ ሽሮፑ ልምጣ። አባትዎ የጠሉት የሆድ መላላት የመድኃኒቱ ሥራ ነው። ላክቱሎዝ አሞኒያውን አንጀት ውስጥ ይዞ ከሰገራ ጋር ያስወጣል። የምንፈልገው በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሰገራ ነው። አንዴም ካልወጡ መጠኑ አንሷል ማለት ነው። አምስት ስድስት ጊዜ በውኃ መልክ ከወጡ በዝቷል፤ ይህም ሰውነትን አድርቆ ራሱ አእምሮን ያውካል። ስለዚህ ሐኪማቸው ያስተካክለው እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡት። ጣፋጭነቱ ካስጠላቸው በውኃ ወይም በጭማቂ በጥብጣችሁ ስጧቸው። ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት አስባችሁ አስቀድማችሁ ስጡ፤ ማታ ፖፖ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጥ። ጨዋ ሰው ናቸውና የሚከብዳቸው ማፈሩ ይመስለኛል። ይህን በግልጽ አንሥታችሁ አነጋግሯቸው። በላክቱሎዝም እየተመላለሰ ካስቸገረ ሪፋክሲሚን የሚባል መድኃኒት ይጨመራል።

ሥጋና እንቁላል መከልከላችሁ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1893 ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭና ባልደረቦቹ ከአንጀት የሚመጣው ደም ጉበትን እንዲያልፍ አድርገው ውሾችን ቀዶ ሕክምና ሠሩላቸው። ውሾቹ ሥጋ ሲበሉ ይታወኩ ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ሐኪሞችም ፕሮቲን ይከለክሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ግን የባርሴሎና ሐኪሞች ፕሮቲን የተቀነሰላቸውንና ያልተቀነሰላቸውን ሕመምተኞች አነጻጽረው መቀነሱ ጥቅም እንደሌለው አሳዩ። እንዲያውም ጡንቻ ራሱ አሞኒያ ስለሚያስወግድ፣ የተራበና የከሳ ሕመምተኛ ይበልጥ ይታወካል። ዛሬ የሚመከረው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው። ለ60 ኪሎ ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው።

ደግነቱ የጓዳችን ምግብ ለዚህ ሕመም ተስማሚ ነው። ከጥራጥሬና ከወተት የሚገኝ ፕሮቲን ከሥጋ ይልቅ ይስማማቸዋል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ አይብ፣ እርጎ ይብሉ። እንቁላሉንም መልሱላቸው። ጨው ብቻ ይቀነስ፤ በርበሬውና ሽሮው አስቀድሞ ጨው የገባበት ከሆነ ለእሳቸው ለብቻ አዘጋጁ። ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ቶሎ ቶሎ ይብሉ፤ ከመኝታ በፊትም አጥሚት ወይም ዳቦ በወተት አይቅር። የጾም ምግቡ አይጎዳቸውም። የሚጎዳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋል ነው። የንስሐ አባታቸውን አማክሩ፤ ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልለት እሳቸው ያስረዷቸዋል።

ጸበሉንም አልቃወምም። ግን መድኃኒቱ ለአንድ ቀን እንኳ አይቋረጥ። ምግብ ሳይበሉ፣ በብርድ፣ ከሐኪም ርቀው መክረማቸው ግን አይሆንም። ከዚህ በፊት ሕመምተኞች ጸበል ቦታ ሦስት ሳምንት ቆይተው ራሳቸውን ስተው ሲመጡልን እጅግ አዝነናል።

ቤት ውስጥ እንዲህ ተከታተሏቸው። ጠዋት ጠዋት ስማቸውንና ቀኑን በደብተር ይጻፉ። ፊደሉ መንቀጥቀጥ፣ መስመሩ መዛነፍ መጀመሩን ለማየት ገጾቹን አነጻጽሩ። እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው መዳፋቸው ወደ ፊት እንዲያይ አንጓቸውን ወደ ላይ ቀና፣ ጣታቸውን በተን አድርገው ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆዩ። እጁ ድንገት ወደ ታች ወድቆ ወዲያው ከተመለሰ፣ እንደገናም ከወደቀ፣ በሽታው እየመጣ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያውቁትን የእንስሳት ስም እንዲጠሩም ጠይቋቸው። ሐኪሞች ይህንን ፈተና ይጠቀሙበታል፤ ከአሥር በታች ከሆነ ያሳስባል።

አንድ ነገር ልጨምር። የጉበት ሕመምተኛ ስለሆኑ ብቻ እያንዳንዱ መቃዠት ከጉበት ነው አትበሉ። የስኳር ማነስ፣ ወባ፣ ማጅራት ገትርም እንዲህ ያደርጋሉ። ጭንቅላታቸውን ተመትተው ከነበረ ደግሞ አንጎል ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል፤ ሲሮሲስ ያለበት ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋም። ስለዚህ በታወኩ ቁጥር በአካል ይታዩ። መኪና የሚነዱ ከሆነም ከእንግዲህ መንዳት ይቅር።

ደህና ይሆናሉ ወይ ላሉኝ፣ የዚህ ጊዜው መታወክ አልፏል። ነገር ግን እንዲህ መታመም መጀመራቸው ጉበታቸው በጣም መጎዳቱን ይናገራል፤ ተመልሶም ሊመጣ ይችላል። የሄፓታይተስ ቢን ቫይረስ የሚያዳክመውን ቴኖፎቪር የሚባል መድኃኒት መጀመራቸውን ሐኪማቸውን ጠይቁ። ከጀመሩ ማቋረጥ የለባቸውም፤ ድንገት ከተቋረጠ ቫይረሱ ያገረሽና ጉበቱን ይጎዳዋል። ቫይረሱ ሲታፈን ጉበት በዓመታት ውስጥ ሊያገግም ይችላል፤ ይህን ተስፋ አትጡ። ንቅለ ተከላ ለማድረግ ወደ ውጭ መሄድ የሚቻል ከሆነም ጊዜ ሳይባክን አሁን አንሱት።

ሄፓታይተስ ቢ በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ይተላለፋል። እናትዎ፣ እርስዎና ወንድምዎ እስካሁን ካልተመረመራችሁ በዚህ ሳምንት ተመርመሩ። ነፃ ከሆናችሁ ክትባቱን በሦስት ዙር ትወስዳላችሁ፤ ቫይረሱ ከተገኘባችሁ ደግሞ ምንም ምልክት ባይኖራችሁም ክትትል ትጀምራላችሁ። ምላጭና የጥርስ ብሩሽም ለየብቻ ይሁን።