የለገጣፎው ግቢ ወይስ የሰሚቱ ስድስተኛ ፎቅ?

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

እኛ ቤት እራት ላይ «ቤት» የሚባል ቃል ከተነሳ ልጆቹ ሰሃናቸውን ይዘው ወደ መኝታ ቤት ይገባሉ። እዚያ ደርሰናል።

ገርጂ ተከራይተን መኖር ከጀመርን ሰባት ዓመት ሆነን። እኔ ነርስ ነኝ፤ ሥራዬ ልደታ አካባቢ ነው። በሳምንት ሁለት ሌሊት ተረኛ ነኝ። ባለቤቴ ሜክሲኮ ባንክ ይሠራል። የዘጠኝና የአራት ዓመት ልጆች አሉን። አማቴም ከእኛ ጋር ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አሁን አከራያችን ከመስከረም ጀምሮ ኪራዩን በእጥፍ ጨምሩ፣ አለዚያ ልቀቁ ብላናለች።

ባለቤቴ ለገጣፎ 200 ካሬ መሬት አለው። የአባቱ ነው፤ ሳይሠሩበት ነው የሞቱት። ካርታው ገና በእሳቸው ስም ነው እንጂ ችግር የለበትም፤ ዱባይ ያለችው እህቱም ምንም አትልም። እዚያ ቪላ እንሥራ ይላል። «እናቴ በርበሬ የምታሰጣበት ግቢ ትፈልጋለች። ለቅሶ ቢደርስብን ድንኳኑን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ልትተክዪው ነው?» ይለኛል።

ስድስተኛ ፎቅ ያለው የእኔን ምርጫ ነው። ሰሚት አካባቢ እየተሠራ ያለ ሁለት መኝታ አፓርታማ አይቻለሁ፤ 85 ካሬ፣ 9 ሚሊዮን ብር። 40 በመቶ ቅድሚያ ይከፈላል፣ ርክክቡ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያለን ሁለት ሚሊዮን ተኩል ነው። ዲሲ ያለው ወንድሜ 10 ሺህ ዶላር ሊያበድረኝ ቃል ገብቷል። ቀሪውን ባለቤቴ በሠራተኛ ወለድ ይበደራል ብለን አስበናል።

የሌሊት ተራ ጨርሼ ለገጣፎ ድረስ መሄዱን ሳስበው ከአሁኑ ይደክመኛል። ራስ ወዳድ ሆኜ ይሆን?

የደከማት፣ ከገርጂ

*

እህቴ፣

አልሆንሽም። ስለ ግቢና ስለ ፎቅ ልጽፍልሽ ተዘጋጅቼ ነበር። «ካርታው ገና በእሳቸው ስም ነው እንጂ ችግር የለበትም» የምትለዋ ጋ ስደርስ ግን ቡናዬን አስቀመጥኩት። ችግሩ እሱው ነው።

እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። መሬቱ በትዳር ላይ እያሉ የተገኘ ከሆነ ግማሹ የአማትሽ ነው፤ የራሳቸው ድርሻ እንጂ ውርስ እንኳ አይደለም። የቀረው ግማሽ፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ ለልጆች እኩል ይከፈላል። ልጆቹ ባለቤትሽና እህቱ ብቻ ከሆኑ ለእሱ የሚደርሰው ሩብ ነው። ከ200 ካሬ 50። «መሬት አለው» ያልሽኝ ይህንን ነው።

ደግሞ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አንዱ ተጋቢ በውርስ ያገኘው ንብረት የግሉ ነው። ስለዚህ የሁለታችሁን ቁጠባና የወንድምሽን ዶላር የምታፈሱበት መሬት ከፊሉ የአማትሽ፣ ከፊሉ የእህቱ፣ ከፊሉ የባልሽ እንጂ የአንቺ አይደለም። ባልሽን መጠርጠርሽ አይደለም። እህቱ ዛሬ ምንም አትልም፤ ዛሬ ባዶ መሬት ነዋ! ቪላ ሲቆምበትስ? እሷ ዝም ብትል የምታገባው ሰው ዝም ማለቱን ማን ያውቃል?

እና ከምንም በፊት ወረቀቱ ይስተካከል። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት፣ የእህቱ ውክልና በዱባይ ቆንስላ በኩል፣ ከዚያ ስም ማዛወር። ለገጣፎ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነች ካርታውን እዚያ አጣሩት። ባለቤትሽ የባንክ ሰው ነው፤ በሟች ስም ባለ ካርታ ማንም እንደማያበድረው ከእኔ በላይ ያውቃል።

ወረቀቱ አልቆ ለመሥራት ብትነሱም አፈሩን አስመርምሩ። በዚያ በኩል ብዙው ቦታ መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቆፍሮ ማውጣት፣ በምትኩ ገረጋንቲ መሙላትና መጠቅጠቅ አለ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከመሬት በታች ተቀብሮ የሚቀር ነው፤ እንግዳ መጥቶ አያደንቅልሽም። እኔ መረሬ ላይ ስሠራ መሠረቱ ላይ ቆጥቤ ነበር። ዛሬ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ካላንደር ሰቅዬበታለሁ።

ታዲያ ሰሚት ግዢ ማለቴ እንዳይመስልሽ። ቅድሚያውን ከፍለሽ ቀሪውን ብድር ስትጠይቁ ባንኩ መያዣ የሚሆን ካርታ ይፈልጋል። ያላለቀ ቤት ካርታ ከየት ያመጣል? ባለቤትሽ ነገ ጠዋት እዚያው ቢሮው ይጠይቅ። ውሉ ላይ ደግሞ «ዋጋ ሊከለስ ይችላል» የሚል አንቀጽ ፈልጊ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ብረቱም፣ ሊፍቱም ከውጭ የሚመጣ ነው። የሊፍት ነገር ከተነሳ፣ መብራት ሲጠፋ አማትሽ በዚያ ጉልበት ስድስተኛ ፎቅ እንዴት ይወጣሉ?

እኔ ብሆን ያለቀ ኮንዶሚኒየም፣ አንደኛ ፎቅ ላይ እፈልግ ነበር። እዚያው ገርጂ፣ ወይ ጎተራ። ከካሬው ጥቂት ታጫለሽ፣ ግድግዳውም ቀለም ይፈልጋል። ግን አይተሽው፣ ቧንቧውን ከፍተሽ፣ የጎረቤቱን ጩኸት ሰምተሽ ነው የምትገዢው። ባንኩም በካርታው ያበድራል። ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ለ5 ዓመት መሸጥ ስለማይችል ጊዜው ማለፉን አረጋግጪ፤ ዕዳና እገዳም ይጣራ። ስም ሲዛወር የምትከፍሉት 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፤ ከወዲሁ ለዩት።

ድንኳኑን ለባለቤትሽ እኔ ልመልስለት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ድንኳን በብሎክና በብሎክ መካከል ይተከላል፣ እድር አለ፣ የበዓል በግም ኮሚናሉ፣ የጋራ መገልገያው ቤት፣ ጋ ይታረዳል። አዲስ ሰፈር ውስጥ ብቻውን በቆመ ቪላ ግን ለቅሶውን ማን ሰምቶ ይመጣል? በርበሬው በረንዳ ላይ ይሰጣል፤ እርግጥ የላይኛው ፎቅ ልብስ ያንጠባጥብበታል።

መሬቱን አትሽጡት። ስሙ ይዙር፣ ይታጠር፣ ልጆቹ ደረስ ሲሉና አንቺም የሌሊት ተራሽ ሲቀንስ ትነጋገሩበታላችሁ። አማትሽን ግን ዛሬውኑ ጠይቂያቸው። ሁላችሁም ስለ እሳቸው ትከራከራላችሁ፣ የመሬቱ ግማሽ የእሳቸው ሳይሆን አይቀርም፣ በደብዳቤሽ ውስጥ ግን እሳቸው ራሳቸው ምን እንዳሉ አንድ ቃል የለም።

የአከራይሽን ነገር ረስቼው። በ2016 በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320 መሠረት ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፤ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ መንግሥት በሚያወጣው ልክ ብቻ ነው። በእጥፍ የሚባል ነገር የለም። ውላችሁን ከመሳቢያ አውጪና ወረዳ መመዝገቡን እዪ። ካልተመዘገበ በዚህ ሳምንት ሂዱ።