የገለበጥኳቸው ድንጋዮች

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ «ባሕሩ ሲሸሽ ዳርቻው ላይ የሚቀሩትን ድንጋዮች እየገለበጥኩ ከሥራቸው ያለውን ብቆጥር ችግር አለው?» ብላ ጻፈችልኝ። ጥያቄው ቀላል ነው። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

በእሷ ዕድሜ ሥራዬ ይኸው ነበር። ባሕሩ እስኪመለስ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ ስለዚህ እሮጣለሁ። እገለብጣለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ወደሚቀጥለው። አንድ ቀን የጣቴን ያህል ዓሣ አገኘሁ። ውሃ የለም፣ እርጥበት ብቻ። አልሸሸም። የገለበጥኩትን ድንጋይ ሳየው ከሥሩ በነበረው ፊቱ ላይ እንቁላል ተለጥፎበታል። ለካ አባትየው ነው! እንዲህ ከድንጋይ ሥር በሚኖሩ ዓሦች ዘንድ ብዙ ጊዜ እንቁላል የሚጠብቀው ወንዱ ነው። «1 ዓሣ» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። እንቁላሉ ፀሐይ ላይ ቀረ።

ባሕሩ በጣም የሚሸሸው ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ነው። ስለዚህ የተመለስኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። ድንጋዩ እንደተገለበጠ ነው። ላዩ ላይ የነበረው አልጌ የሚባለው የባሕር አረም ከታች ታፍኖ በስብሷል፣ ይሸታል። ሥሩ ተጣብቀው የነበሩት ስፖንጅ የሚባሉት የባሕር እንስሳት ደርቀዋል። ዓሣውም እንቁላሉም የለም። እኔ ምን አደረግኩ? ቆጠርኩ። ቁጥሩ ወርዷል። ሪፖርቴ ላይ «በሙቀት ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ። ተመሰገንኩበት ደግሞ።

ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ ድንጋይ ገልብጦ የሄደ ተማሪ ስቆጣ ነው። ቃሉ አፌ ላይ ቀረ።

ሊምፔት የምትባል ቆብ የመሰለች ቀንድ አውጣ አለች። አንዳንዶቹ ዝርያዎቿ አልጌ ግጠው ሲያበቁ ዓለቱ ላይ ወደነበሩባት ስፍራ ይመለሳሉ። ዛጎላቸው ከዚያች ቦታ ጋር እስኪገጥም ያድጋል። እሷ ቦታዋን አትስትም፤ እኔ አንድ ድንጋይ መመለስ አቃተኝ።

«ምንም አትንኩ» ልላችሁ ነበር። ግን የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ሮበርት ፔይን በ1960ዎቹ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ጠረፍ ኮከብ ዓሣዎችን ከዓለት እየነቀለ ይወረውር ነበር። የሚበላቸው ኮከብ ዓሣ ሲጠፋ ሙሰል የሚባሉት ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች ቦታውን ወረሩት፤ ከ15 ዝርያዎች 8 ቀሩ። ሳይነካ ይህን ማን ያውቅ ነበር? ነገር ግን አጠገቡ ያልነካው ቦታ ትቷል። የነካውንም ነካሁ ብሎ ጽፏል።

የዛሬ ልጆች ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የምትገለብጡት ለፎቶ ነው። እኛ ግን እንስሳውን በአልኮል ብልቃጥ ይዘን ነበር የምንሄደው። ከዚያስ ፎቶው ይሻላል።

ስለ ጫማና ስለ ሞገድ አልመክርም፤ ታውቁታላችሁ።

ለልጅቷ «ቀስ ብለሽ ገልብጪ፣ በነበረበት ፊቱ መልሺው፣ የትኛውን እንደነካሽ ጻፊ» አልኳት። ከዚያ ያን ሪፖርት ከመሳቢያ አወጣሁት። «በሙቀት ምክንያት» የሚለውን ሰርዤ ከጎኑ «ድንጋዮቹን አልመለስኳቸውም» ብዬ ጻፍኩ።