«አድማ» ስድብ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች ትግል ታሪክ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አርታኢዬ «አድማ» የሚለውን ባዩ ቁጥር እየሰረዙ «ሥራ ማቆም» ይላሉ። «አድማ ማለት ሴራ ነው፣ ሠራተኛውን ታሰድባለህ» ነው ምክንያታቸው። «አድማ መታ» የሚለውንም የእንግሊዝኛ ግልባጭ ነው ብለው አስወጡት። እውነት አላቸው?

መልስ፦ ስለ ሴራው አርታኢዎ አልተሳሳቱም። «አደመ» ማለት ከሌሎች ጋር ተማክሮ፣ ተስማምቶ በአንድ ሰው ላይ ተነሣ ማለት ነው። ልጆች ባንድ ድምፅ ሲነሱባት እናት «ምነው፣ አድማችሁብኛል እንዴ?» ትላለች። «አድመኛ» መባልም ምስጋና አይደለም።

ግን ቃሉን ጠጋ ብለው ይዩት። አንድ ሰው ብቻውን አያድምም። «እገሌ አደመ» ካሉ፣ «ከነማን ጋር?» መባልዎ አይቀርም። (የረሃብ አድማ አንድ እስረኛ ብቻውን ሊያደርገው ይችላል። እዚያ ቃሉ ተለጥጧል።) ሥራ ማቆም ግን ማንም ብቻውን ይችላል፤ አሞትም ሰልችቶትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሥራ ማቆም» ድርጊቱን፣ «አድማ» ስምምነቱን ይናገራል።

ነገር ማክረር ይመስላል አይደል? በዚህችው ልዩነት ግን ሰዎች ተቀጥተዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1806 አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ ውስጥ ስምንት ጫማ ሰፊዎች ችሎት ፊት ቀረቡ። ክሱ «ሥራ አቆማችሁ» አልነበረም። ዋጋው ያልጣመው ጫማ ሰፊ ወስፌውን አስቀምጦ ቢሄድ ማንም አይከሰውም። ክሱ «ደመወዝ ለማስጨመር ተማክራችሁ አንድ ሆናችሁ» ነበር። ጥፋተኛ ተባሉ፤ እያንዳንዳቸው 8 ዶላር ተቀጡ። ያንን ክስ ወደ አማርኛ መልሱ ብባል አንድ ቃል ይበቃኛል፦ አደሙ።

እንግሊዝም ከዚህ የተሻለች አልነበረችም። በ1799 እና በ1800 በወጡ ሕጎች የሠራተኞችን መደራጀት ከለከለች። ሕጎቹ በ1824 ቢሻሩም የሴራው ክስ ወዲያው አልሞተም። መላ የተገኘለት በ1875 ነው። የዚያ ዓመት ሕግ ያለው ባጭሩ ይህን ነው፦ አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርገው ወንጀል ያልሆነውን ነገር፣ በሥራ ክርክር ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ለማድረግ ቢስማሙ በሴራ አይከሰሱም። አሜሪካ ውስጥ የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በቦስተን ቡት ሰፊዎች ጉዳይ፣ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም በራሱ ወንጀል አይደለም ያለው በ1842 ነው። ሙግቱ ሁሉ ስለ ማደም እንጂ ስለ ማቆም አልነበረም።

እንግዲህ አርታኢዎ «አድማ»ን ሲሰርዙ ዋናውን ነገር አብረው እየሰረዙት ነው። «ጫማ ሰፊዎቹ ሥራ በማቆማቸው ተከሰሱ» ብለው ቢጽፉ ታሪኩ ራሱ ይሳሳታል። «የሥራ ማቆም አድማ» የሚለውም ድግግሞሽ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ሙሉውን ይጻፉት፣ ከዚያ «አድማ» ብቻውን ይበቃል። ቃሉ ላይ ያለው እድፍ ሠራተኞቹ የተከሰሱበት እድፍ ነው። እኔ ብሆን አላጥበውም።

ወደ «አድማ መታ» ልምጣ። እዚህ ላይ ከአርታኢዎ ጋር አልስማማም። የእንግሊዝኛው «ስትራይክ» መምታትም አድማም ማለት ነው፤ በአድማነቱ ግን ከዱላ ጋር ጉዳይ የለውም። በ1768 ለንደን ውስጥ በደመወዝ የተጣሉ መርከበኞች ቴምዝ ላይ የቆሙትን መርከቦች ሸራ አወረዱ። ሸራ ማውረድ በመርከበኛ አፍ «ስትራይክ» ነው። ሸራዋ የወረደ መርከብ ደግሞ የትም አትሄድም። የእኛው «መታ» ሌላ ነው። ፀሐይ መታኝ፣ ብርድ መታኝ እንላለን፤ እጁን ያነሣ ግን የለም። በእንግሊዝኛው ግሱ ራሱ አድማውን ይናገራል። በአማርኛው ግን አድማውን የያዘው ስሙ ነው፣ «መታ» የሚያግዘው ብቻ ነው። ለኔ ይህ ግልባጭ አይመስልም። (ፈረንሳዮቹ «ግሬቭ» የሚሉት ደግሞ ሥራ ፈላጊ ይሰበሰብበት ከነበረ አንድ የፓሪስ ወንዝ ዳር አደባባይ ስም ነው። በዚህ ጉዳይ ሁሉም በየመንገዱ ሄዷል።)

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። በጽሑፍዎ ውስጥ አሜሪካ ውስጥ በ1892 የሆነው የሆምስቴድ ግጭት ካለ፣ «አድማ» ብለው ብቻ አይለፉት። የባለሀብቱን የካርኔጊን የብረት ፋብሪካ ይመራ የነበረው ሄንሪ ፍሪክ፣ ከሠራተኞቹ ማኅበር ጋር የነበረው ውል ሊያልቅ ሲል በሩን ሠራተኞቹ ላይ ዘጋ። ለዚህ «ሥራ መዝጋት» የሚል የራሱ ቃል አለን። ታሪኩን በእሱ ይጀምሩት፤ አድማው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።