መልስ፦ የሒሳብ ሰው ባሕር ኃይል ውስጥ ምን ይሠራል?

«ሒሳብ የተማረ ሰው ባሕር ኃይል ውስጥ ምን ይሠራል?» ላልሽው፣ የግላዲስ ዌስትን ታሪክ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1930 ቨርጂኒያ ገጠር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደች። መጀመሪያ አስተማሪ ነበረች። በ1956 ዳልግረን በሚገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ማዕከል ተቀጠረች፤ 42 ዓመት ሠራች። ጥቁር ሴት በዚያ ዘመን! በጣም አከብራታለሁ።

ሥራዋ የምድርን ትክክለኛ ቅርጽ በሒሳብ ማስቀመጥ ነበር። ምድር ፍጹም ድቡልቡል አይደለችም። ስበቷ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የባሕሩ ገጽ ራሱ አንዱ ጋ ከፍ፣ ሌላው ጋ ዝቅ ይላል። ይህን ለመለካት ሳተላይት የራዳር ሞገድ ወደ ባሕሩ ይልካል። ሞገዱ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ከፍታውን ይናገራል። እሷ ያን ሁሉ መረጃ ለአይቢኤም ኮምፒውተር ፕሮግራም እየጻፈች ታሰላ ነበር። የጨረቃ ስበት ውሃው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ሳይቀር ይታሰባል። ስልክሽ ላይ ያለው፣ ያለሽበትን ቦታ የሚነግርሽ ጂፒኤስም እንዲህ ያለ የምድር ሞዴል ያስፈልገዋል።

መስኩ ከሳበሽ ፕሮግራሚንግና ስታቲስቲክስ ላይ በርቺ።