የጠራው ክብ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ከአንድ ስብሰባ ስወጣ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ተከትላኝ መጥታ፣ «ፌስታል የሚበላ ባክቴሪያ ልንሠራ እንችላለን ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። አጭር መልስ ሰጥቻት ተለያየን፤ ሆኖም በእግሬ ወደ ፒያሳ ስወጣ ጥያቄዋ አልለቀቀኝም፤ ከብዙ ዓመታት በፊት በገዛ እጄ የጣልሁትን አንድ ፔትሪ ዲሽ፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚያድግበትን ትንሽ ሳህን፣ አስታውሶኛልና።

ያን ጊዜ ከትምህርት ተመልሼ እዚያው አካባቢ በነበረ ቤተ ሙከራ ውስጥ ፒኤችቢ በሚባለው ፕላስቲክ ላይ እሠራ ነበር። ፈረንሳዊው ሞሪስ ለሞዋኝ እ.ኤ.አ. በ1926 የለዩት ይህ ነገር፣ ባክቴሪያዎች ምግብ ተርፏቸው ናይትሮጅን ሲያጥራቸው በሰውነታቸው ውስጥ የሚያጠራቅሙት ስንቅ ነው። እኔም ስንቁን የሚያዘጋጁትን ሦስት ጂኖች ኢ. ኮላይ ወደተባለው የቤተ ሙከራ ባክቴሪያ አስገብቼ፣ ሴሎቹን በግሉኮስ አሳድጌ፣ በመጨረሻም በበረኪና አሟሙቼ የሚቀረውን ነጭ ዱቄት እመዝን ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ብልቃጦቹን የሚነቀንቀው ማሽን ስለሚቆም የስንት ቀን ልፋት በአንድ ሌሊት ይበላሻል፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ግራም ዱቄት በዓይኔ እንደ ወርቅ ነበረች።

እትዬ እያልን የምንጠራቸው የቤተ ሙከራ ረዳት ነበሩ። አንድ ቀን ከዱቄቱ ጥቂት ወስደው ባክቴሪያ ከሚያድግበት፣ አጋር ከተባለው እንደ ጄሊ የሚረጋ ነገር ጋር ቀላቅለው፣ ከቀበና ወንዝ ዳር ያመጡትን አፈር በውኃ በጥብጠው ጠብ አድርገውበት ኖሯል። ከሳምንት በኋላ ሳህኑን ይዘውልኝ መጡ። ወተት የመሰለው አጋር በጥቃቅን ጉብታዎች ዙሪያ እንደ መስታወት ጠርቷል። «ልጄ፣ እየው፤ በልቶታል እኮ፤ እንዳትጥለው» አሉኝ። እኔ ግን የታየኝ የባከነው ዱቄት ብቻ ነበር። በሰው ፊት ተቆጥቼ፣ «ብክለት ነው» ብዬ ሳህኑን ከሚወገደው ጋር በእንፋሎት ጀርም በሚገድለው አውቶክሌቭ ውስጥ ከተትሁት። እሳቸው መልስ አልሰጡኝም፤ ጓንታቸውን አውልቀው ወጡ።

የጠራው ክብ፣ ባክቴሪያው ወደ ውጭ የሚያመነጨው ኢንዛይም የተባለ ፕሮቲን ፕላስቲኩን እየቆራረጠ መሆኑን እንደሚያሳይ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም፤ አንብቤዋለሁ። የእኔ ሥራ መሥራት እንጂ ማፍረስ አይደለም ብዬ ስለማምን ነው የጣልሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች፣ «ይህ ፕላስቲክ በእኛ አፈር ውስጥ በምን ያህል ጊዜ ይፈርሳል?» ብለው ሲጠይቁኝ የምናገረው አጣሁ። እትዬ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ይቅርታ ሳልጠይቃቸውም አረፉ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ፌስታል የሚሠራው ከፖሊኤቲሊን ነው፤ ሰንሰለቱ ካርቦን ከካርቦን ጋር ብቻ የተያያዘ በመሆኑ ኢንዛይም የሚጀምርበት ስፍራ በቀላሉ አያገኝም። ሀይላንድ የምንለው የውኃ ጠርሙስ ግን በካርቦኖቹ መካከል ኦክስጅን የሚገባበት፣ በኢንዛይም እገዛ ውኃ ሊሰብረው የሚችል ኤስተር የተባለ ትስስር አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው የጃፓኑ የሳካይ ከተማ ባክቴሪያም ሊበላው የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ፒኤችቢም በኤስተር የተያያዘ ነው። እንግዲህ ፕላስቲክ የሚሠራ ሰው ትስስሩን ሲመርጥ በላተኛውንም መምረጡ ነው። በላተኛው ባለበት ስፍራ ያለውን ሙቀትም ማሰብ አለበት፤ ፒኤልኤ የተባለው ፕላስቲክ በፍጥነት ለመበስበስ ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋልና፣ የአዲስ አበባ አፈር ይህን አይሰጠውም።

የዛሬ ልጆች ጂን በኮምፒውተር ተነድፎ፣ ተሠርቶ ስለሚመጣላችሁ አፈር መንካት ትጠየፋላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2022 በቴክሳስ የጠርሙስ ፕላስቲክን ከ50 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት የሚቆርጥ ኢንዛይም የተገኘው በኮምፒውተር ስሌት እገዛ ስለሆነ፣ ወቀሳዬን በከፊል መመለስ ይገባኛል። የተሻሻለው ግን ያው የሳካዩ ባክቴሪያ ኢንዛይም ነው፤ እሱንም መጀመሪያ ያገኙት ቆሻሻ ውስጥ እጃቸውን የከተቱ ሰዎች ናቸው።

ለዚያች ተማሪ የሰጠኋት አጭር መልስ «አይቻልም» የሚል ነበር። ስሟን እንኳ አልጠየቅሁም። ይህን ካነበበች፣ ቅዳሜ ጠዋት ከተማሪዎቼ ጋር ወደ ቀበና ወንዝ ወርደን አፈር እንወስዳለንና ትምጣ።