ለጅማው ድራመር፦ ሙሉ ድራም ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጅማ ነው የምኖረው፣ 21 ዓመቴ ነው፣ ከሠርግ ባንድ ጋር ሦስት ዓመት ድራም መትቻለሁ፣ አሁን ግን ጃዝ መጫወት እፈልጋለሁ ብለሃል። ያጠራቀምኩት ብር አለ፣ ሙሉ ድራም ልግዛበት ወይስ አዲስ አበባ ልግባበት ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱንም አታድርግ። አሁን አታድርግ። እኔ ሁለቱንም አድርጌዋለሁ፤ ያውም በእናቴ የቡና ብር።

ስቲክ እንዴት እንደሚያዝ አልነግርህም፣ ታውቃለህ። የምነግርህ እኔን ያስለቀሰኝን ነው።

1. ሙሉ ድራም አትግዛ።

ነገሩ በ2004 ዓ.ም ነው። እናቴ አጋሮ አካባቢ ካለችን መሬት የተለቀመውን ቡና ሸጠች። «እንጀራ የሚሆንህ ከሆነ ሂድና ግዛ» ብላ 26 ሺህ ብር ቆጥራ ሰጠችኝ። በዚያን ጊዜ ትልቅ ብር ነው። አዲስ አበባ ሄድኩና ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ድራም ገዛሁ። ባስ ድራሙ፣ በእግር የሚመታው ትልቁ፣ 22 ኢንች ነው። ሲምባሎቹ፣ የብረት ሳህኖቹ፣ አብረውት የመጡ ናቸው። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» አለኝ፣ አመንኩት።

አውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጫንኩት። ሸራ እናለብሰዋለን አሉኝ። ወሩ ነሐሴ ነው። ወልቂጤን እንዳለፍን ዝናቡ ጀመረ፣ ጊቤን ተሻግረን ጅማ እስክንገባ አላባራም። መናኸሪያ ስንደርስ ረዳቱ ገመዱን ፈታና ባስ ድራሙን ወደ እኔ አዘነበለው። ከጎኑ ካለችው የአየር ቀዳዳ ውኃ ተንዠቀዠቀ። ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ሸራው ተጠቅልሎ ሌላ ሰው ጤፍ ላይ ነበር።

እንጨቱ ርካሽ ኮምፔንሳቶ ነበርና በሳምንቱ አብጦ ንብርብሩ ተላቀቀ። የቆዳ መወጠሪያ ብሎኖቹ ዝገው አልዞር አሉ። ካሳ ልጠይቅ ወደ ትኬት ቢሮው ሄድኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ዕቃ በባለቤቱ ኃላፊነት ነው፣ ትኬቱ ጀርባ ላይ ተጽፏል» አለች። ትኬቱን ገልብጬ አሳየኋት። ባዶ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም። «እንግዲያው አለቃ ሲመጣ ተመለስ» አለችኝ። አምስት ቀን ተመላለስኩ። በአምስተኛው ቀን አለቃው መጡ፤ «ከበሮ ነው አይደል? ከበሮ ደግሞ ዝናብ ምን ያደርገዋል?» ብለው በሩን ዘጉ። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ዕቃ ስትጭን ደረሰኝ አስጽፍ፣ ሲጫን ደግሞ ፎቶ አንሣ።

ግን ልብ በል፤ ዝናቡ ባይነካውም ያ ድራም ለጃዝ አይሆነኝም ነበር። ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። በሠርግ ባንድ ሪትሙን የሚሸከመው ኪኩ፣ ማለትም ባስ ድራሙ፣ እና ስኔሩ፣ ፊት ለፊትህ ያለው ስል ድምፅ ያለው ከበሮ ነው። በጃዝ ግን ሪትሙ ያለው ራይድ ላይ ነው፣ ምቱ ሳይቋረጥ የሚመታበት ትልቁ ሲምባል። ኬኒ ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ ድራመር ነው በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ምቱን እኩል የመጠበቁን ሥራ ከባስ ድራም አውጥቶ ወደ ራይድ ያዛወረው። ከእሱ በኋላ እነ ማክስ ሮችና አርት ብሌኪ ያንኑ መንገድ ነው የያዙት። ስለዚህ ራይድህ መጥፎ ከሆነ ምን ብትጎብዝ ጃዝ አይመስልም።

የእኔ ሲምባሎች የናስ ነበሩ፣ ማለትም መዳብና ዚንክ። ስትመታቸው የድስት ክዳን ነው የሚመስሉት፤ አንድ ጊዜ ይጮኹና ይሞታሉ። ደህና ሲምባል አብዛኛውን ጊዜ 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ቲን ነው። ድምፁ ይቆያል፣ ግን ቀጣዩን ምት አይሸፍንብህም። ዚልጂያን የሚባለው የሲምባል አምራች በ1623 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ የተመሠረተው ይህንኑ ሲሠራ ነው። አሮጌም ቢሆን፣ ቀለሙ ቢጠቁርም ግድ የለህም፣ ያልተሰነጠቀ መሆኑን ብቻ በጣትህ ዳሩን ዳስሰህ አረጋግጥ። 20 ወይም 22 ኢንች ይሁን።

ሌላም ምክንያት አለ። ጃዝ የሚጫወትባቸው ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ድራም አላቸው። ድራመሩ ይዞ የሚሄደው ሲምባሉን፣ ስኔሩን፣ ፔዳሉንና ስቲኩን ነው። እኔ ያን ሁሉ ብር ያፈሰስኩት ማንም አምጣ ብሎ የማይጠይቀኝ ዕቃ ላይ ነው! ቀዩ ድራም አሁንም እናቴ ጓዳ ነው ያለው፤ ባስ ድራሙ ውስጥ በቆሎ ታስቀምጥበታለች።

2. ካላማዳሪ ፈልግ፣ ከዚያ አስተማሪ።

የመኪና ካላማዳሪ ቆርጠህ ሰፌድ በምታክል ሳንቃ ላይ ወጥረህ ቸንክር። መለማመጃህ ይህ ነው። ስቲኩን በደንብ ያነጥራል፣ ጎረቤትም አይቀሰቅስም። መቀመጫህ የጅማ በርጩማ ይሁን። እኔ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የተለማመድኩት።

አስተማሪዬ ሂርማታ አካባቢ የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ፣ በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ድራም የመቱ። ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸው እንዲነሣ አይወዱም። ድራሜ ከተበላሸ በኋላ ሄጄ እጃቸውን ሳምኩና አስተምሩኝ አልኳቸው። አንድ አሮጌ ራይድ ከአልጋ ሥር አወጡ። «ይህን ብቻ ትመታለህ» አሉኝ። ቲንግ፣ ቲን-ከ-ቲንግ፣ ቲን-ከ-ቲንግ። ግራ እግሬ ደግሞ ሃይ-ሃቱን፣ በእግር የሚዘጋውን ጥንድ ሲምባል፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ይዘጋል። አራት ወር ሙሉ ሌላ ነገር አልነካሁም።

ምቱን እኩል መጠበቄን ሲፈትኑኝ ያወሩኛል። እየመታሁ ሳለ «ዛሬ ቡና በኪሎ ስንት ነው?» ይሉኛል። መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት እጄ ይዘገያል። «እንደገና» ይላሉ። «እናትህ ደህና ናቸው?» «ደህና ናቸው ጋሼ» ስል እጄ ይፈጥናል። «እንደገና»። በሦስተኛው ወር ይመስለኛል፣ ስለ አጋሮ መንገድ እያወራሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይዛነፍ ወጣሁት። ምንም አላሉኝም። ተነሥተው ራሳቸው ቡና ቀዱልኝ። ከዚያ በፊት ቀድተውልኝ አያውቁም።

አሁን አንተ ስልክህ ላይ ሜትሮኖም፣ ምት ቆጣሪ፣ አለህ። በደቂቃ 60 ላይ አድርገውና ጠቅታውን እንደ ሁለተኛና አራተኛ ምት ቁጠረው፤ አንደኛውንና ሦስተኛውን ራስህ ታመጣለህ። መጀመሪያ ያስጠላል። ቀጥልበት። ግራ እጅህ ደካማ ነው፣ የሁላችንም ነው፤ ነጠላ ምቱን፣ ድርብ ምቱንና ሁለቱን የሚያቀላቅለውን ፓራዲድል በግራ እየጀመርክ ሥራ። ኪኩን ደግሞ አለስልሰው። ባሲስቱ፣ ባስ የሚጫወተው፣ እንዲሰማው ነው እንጂ አዳራሹ እንዲሰማው አይደለም።

3. ብሩሽ ግዛ። ስቀህ እንዳታልፈኝ። በስቲክ ፈንታ ለለስላሳ ድምፅ የሚያዘውን የሽቦ ጭራ ማለቴ ነው።

በ2005 ዓ.ም፣ ገና ከጋሼ ጋር ጥቂት ወር እንደሠራሁ፣ ደረስኩ ብዬ አዲስ አበባ ለፈተና ሄድኩ። አትቸኩል ብለውኝ ነበር። አንድ ባንድ ድራመር ይፈልጋል ተባለ። መሪው ፒያኒስት ነው። «ቀስ ያለ ባላድ እንጫወት፣ ብሩሽ ያዝ» አለኝ። ብሩሽ የለኝም አልኩት። ዝም ብሎ ፒያኖውን ጀመረ። እኔ በስቲክ ገባሁ፣ ቀስ ብዬ የመታሁ መሰለኝ። ሁለተኛው ዙር ላይ ባሲስቱ እጁን ከክሩ ላይ አነሣ። አልተቆጣም፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እኔ እሱ ማቆሙን ሳላውቅ ብዙ ሄጃለሁ። ፒያኒስቱ ሲጨርስ «ባሲስቱ የት ጋ ነው ያቆመው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። የጠፋብኝ ብሩሹ ብቻ ሳይሆን ጆሮዬም እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

የዘፈኑን ቅርጽ አፍህ ይወቀው። 12 ባር ብሉዝ፣ 32 ባሩ ኤ-ኤ-ቢ-ኤ። ባር ማለት እዚህ የጥቂት ምት ክፍል ነው፤ ኤ የሚደጋገመው ዜማ፣ ቢ መሀል የሚገባው ሌላው። እየመታህ ዜማውን በልብህ ዝፈን። ሶሎ በአራት በአራት ባር ስትቀባበሉ፣ አራቱ የት እንዳለቀ ካላወቅክ ሁሉም አንተን እያየ ይጠብቅሃል፤ በጣም ያሳፍራል።

ኖታም አንብብ። ጅማ ውስጥ «የሙላቱ አገር ልጅ ነህ» ይሉሃል፣ ለእኔም ብለውኛል። እውነት ነው፣ የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም ጅማ ነው የተወለደው። ግን እኮ ሰውየው ምህንድስና ሊማር ዌልስ ሄዶ ሙዚቃ ውስጥ ገባ፣ ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ተማረ፣ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆነ። የሚጫወተው ቫይብራፎንም (የብረት ዘንጎች) ኮንጋም (የእጅ ከበሮ) የሚመታ መሣሪያ ነው፤ ከእኛ ወገን ነው ማለት ነው። የአገሩ ልጅ መሆን ደስ ይላል፣ ግን ወረቀት ፊትህ ሲቀመጥ አያነብልህም።

4. የሠርግ ባንድ ልምድህን አትናቅ።

ይህን የምልህ በኩራት ነው። ያ ፒያኒስት ከሁለት ዓመት በኋላ መልሶ ደወለልኝ። ኢትዮ ጃዝ ሊጫወቱ ነው፣ ድራመራቸው ስዊንጉን፣ የጃዙን ምት፣ አሳምሮ ይጫወታል፣ ጭክጭካው፣ የአገራችን የጭፈራ ምት፣ ግን ዋልትዝ፣ ባለ ሦስት ምት የፈረንጅ ዳንስ፣ ሆነበት። ጭክጭካ በ6/8 ነው፣ ስዊንጉም ምቱን ለሦስት ነው የሚከፍለው፤ ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ግን ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል። እሱን ማንም ከወረቀት አያገኘውም። እኔ በጅማ ሠርግ ሌሊቱን ሙሉ፣ ሙሽራ እስኪወጣ፣ አክስቶች እስኪደክሙ መትቼዋለሁ። በዚህ ጊዜ ብሩሽ ይዤ ነበር የሄድኩት። ባላዱንም፣ ጭክጭካውንም ተጫወትኩ። ባሲስቱ ያው የድሮው ነው፤ እጁን አላነሣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጀራዬ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ መግባትን በተመለከተ፣ ሥራ ሳትይዝ ቤት አትከራይ። ተስፋህን በአንድ የሙዚቃ ቤት ላይ ብቻም አታድርግ። ጥር 2007 ዓ.ም ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል እዚያው የነበረው የጃዝ ቤት ጃዝአምባ አብሮ ሄደ፤ ስንት ሙዚቀኛ መድረክ አጣ። ፈንድቃ የሚባለው የሙዚቃና የባህል ቤትም በ2017 ዓ.ም ከካዛንቺስ ተነሣ። ከሦስት ከአራት ባንድ ጋር መጫወት የምትችል ሁን። ክፍያህን አስቀድመህ በጽሑፍ ያዝ፤ ስንት ሰዓት፣ ስንት ብር፣ ትራንስፖርት ማን ይችላል። ሲምባል ተሸክሞ በሌሊት በራሱ ታክሲ የሚሄደው ድራመሩ ነው፣ ብሩን መጨረሻ የሚቀበለውም እሱ ነው። አንድ የሙዚቃ ቤት የሦስት ወር ክፍያዬን በልቶኝ ቀርቷል። በቃል ስለተስማማን የምከስስበት አንድ ወረቀት አልነበረኝም።

የጆሮ መሰኪያም ግዛ፣ ዛሬውኑ። 85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) በቀን እስከ ስምንት ሰዓት ነው የሚመከረው፣ 100 ከደረሰ 15 ደቂቃ ብቻ። ድራም ከ100 በላይ በቀላሉ ይሄዳል። እኔ በሠርግ ዘመኔ ምንም ሳላደርግ ስለመታሁ ግራ ጆሮዬ፣ የሃይ-ሃቱ በኩል ያለው፣ ሌሊት ሲጸጥ ይጮኽብኛል። ሐኪሙ አይድንም ብሎኛል።

ስለዚህ ብርህን እንዲህ አድርገው፦ ደህና ራይድ፣ ብሩሽ፣ የጆሮ መሰኪያ። የቀረውን ለአስተማሪ ያዘው።

ለፋሲካ ጅማ እመጣለሁ፣ እናቴ ጋ ነው የማርፈው። ጋሼ አርጅተዋል፣ ግን አሁንም ሰው ያስተምራሉ፤ አብረን እንሄዳለን። ስቲክህን ብቻ ይዘህ ና፣ ራይዱ እሳቸው ጋ አለ። ደግሞ የቡና ዋጋ አጥንተህ ና፣ መጠየቃቸው አይቀርም።