ቦረቦሩ ስንት ሜትር ሄደ?

ጥያቄ፦ አዴት አካባቢ የግጦሽ መሬታችንን ቦረቦር (ጎርፍ የሸረሸረው ገደል) እየበላው ነው። አምና የእንጨት ችካል ተክለን ነበር፤ ክረምቱ ሲወጣ ግማሹ የለም። በምን እንለካው? ጎርፉን እንዲገታ የሠራነው የድንጋይ ክትርስ ለምን ይፈርሳል?

መልስ፦ እንጨቱን ተዉት፤ ምስጥ ካልበላው ለማገዶ ይነቀላል። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ60 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፤ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ እስኪቀር ምቱትና ቀይ ቀለም ቀቡት። ከአፋፉ 5 ሜትር ይራቅ፤ ከተጠጋ ናዳው ችካሉንም ይዞት ይወርዳል። በጎንና በጎን በየ5 ሜትሩ፣ አናቱ (የላይኛው ጫፉ) ላይ ግን በየ2 ሜትሩ ትከሉ፤ ሽቅብ የሚገሰግሰው አናቱ ነው። ከችካል እስከ አፋፍ ያለውን በግንቦት መጨረሻና በጥቅምት ለኩ። ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ሲያብጥና ሲሰነጠቅ ችካል ስለሚያንቀሳቅስ፣ የችካሎቹን ርቀት ከማይነቃነቅ አለት ጋር አመሳክሩ።

የሄደውን አፈር ለማስላት የላይና የታች ስፋቱን ደምሩ፣ ለ2 አካፍሉ፣ በጥልቀቱና በርዝመቱ አባዙ። ላዩ 6፣ ታቹ 2፣ ጥልቀቱ 3፣ ርዝመቱ 10 ሜትር ከሆነ 120 ሜትር ኩብ ነው።

ክትሩን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ጎርፍ ብቻ አይደለም። ከአፋፉ ጀርባ የተበሳ የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ታች 4 ሜትር ቅበሩና በነሐሴ በቱቦው ውስጥ ውሃው የት እንደደረሰ እዩ። ከቦረቦሩ ወለል በላይ ከሆነ ጎኑ በውሃ ርሶ ይናዳል፤ እዚያው አዴት አቅራቢያ ባለው ደብረ ማዊ ላይ በጥናት የታየውም ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን ድንጋይ ብቻውን አይመልሰውም፤ መጀመሪያ ውሃው ይጠንፈፍ፣ ቀጥ ያለው ጎኑ ተቆርጦ ይጋደም፣ ደሾ ሳር ይተከልበት፣ ከብትም አይግባበት።